ኳሱ ሳይገኝ ከሜዳ አይወጣም

ቅዳሜ፣ ጥር 4 ቀን 2016

ለሚመለከተው ሁሉ በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። አንድ ነጭ የጎልፍ ኳስ፣ ገና በሁለተኛ ምቱ፣ ከጅጅጋ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ በሄደበት ቀርቷል። ሟች ከአቶ በኃይሉ ቦርሳ የተገኘ፣ ልባሱ ለስላሳ፣ ባለ ሦስት ንብርብርና በጨዋታ ጓደኞቹ ዘንድ የተከበረ ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም። ገዳዩ ደሬሳ ነው ይላሉ።

ይላሉ! ነፋሱን ማንም አይከስም። ከሰዓት በኋላ ይህ ሜዳ ላይ የሚነሳው ነፋስ የቆርቆሮ ጣሪያ ይገለብጣል፤ እኔ የመታሁትን ኳስ ግን አይነካም፤ ጨዋ ነፋስ ነው።

ሌላ አገር ኳስ ሲጠፋ ሌላ ኳስ ይወጣል። እኛ ዘንድ አይሆንም። ሜዳው የእኛ አይደለም፤ የፍየል ጠባቂዋ የሀሊሞ ዘመዶች ግጦሽ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ኩልሚዬ የጎልፍ ዱላዎቹን ከናይሮቢ ይዞ ሲመጣና የወተት ዱቄት ቆርቆሮ መሬት ውስጥ ቀብረን ጉድጓድ ስናደርግ፣ ሽማግሌያቸው አዴር ሚሬ ዛፍ ሥር አስቀመጡን። «ተጫወቱ። ያመጣችሁትን ግን ይዛችሁ ሂዱ» አሉን። ኩልሚዬ እጃቸውን ጨበጠ። አለቀ፤ ቃል ነው። ኳሱ ሳይገኝ ከሜዳ አይወጣም።

ዛሬ ጨለመብንና ወጣን። በኃይሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ሜዳው ሰፊ ነው ደሬ፣ ኳሱ ትንሽ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ማጽናኛ የሚሰጥ ሰው መታሰር አለበት።

ሰኞ፣ ጥር 6

ኳሱ ተገኘ። ፍየል አፍ ውስጥ።

ሀሊሞ መሥሪያ ቤቴ በር ድረስ መጣች። የዕቅድ ክፍል ስብሰባ ላይ ነበርን፤ ድምፅዋ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ይሰማል። «ዋርያ ደሬሳ! ውጣ!» ወጣሁ። ኳሱን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ልባሱ ተልጦ የተቀቀለ እንቁላል መስሏል።

«ጨው መስሏት ነው! ጠዋት ጨው በትኜላቸው ሄድኩ፣ ተመልሼ ስመጣ ይሄን ትቆረጥማለች! ጥርሷ ተሰበረ!»

«ኤዶ ሀሊሞ፣ አንድ ጥርስ ነው…» አልኳት፣ እንደ አክስት አክብሬ።

«ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ምንድነው? አፏን ከፍቶ ጥርሷን ነው! አሁን አሮጊት ነች ይለኛል! ገና ያልወለደች ልጅ!»

ዘበኛው ሳቀ። ስሙን ይዣለሁ።

እሑድ፣ ጥር 12

ጠቅላላ ጉባኤ። ቦታ፦ የኩልሚዬ የግንባታ ዕቃ ሱቅ፣ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠን። ለሀሊሞ ጥርሷ የተሟላ ፍየል ተሰጥቷታል፤ አዴር ሚሬም «ሁለተኛ እንዳይደገም» ብለዋል።

ኩልሚዬ ውሳኔ አነበበ። አንደኛ፣ ጨው ስለሚመስል ነጭ ኳስ ተከልክሏል፤ ከበኃይሉ በቀር፣ እሱ ስለማያጠፋ። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ኳስ ያጠፋ ሰው ዝናብ እስኪገባ አይጫወትም። «የማንንም ስም አልጠራንም ወላሎ፣ ወንድሞቼ» አለ፣ እኔን እያየ። ሁሉም እኔን እያዩ ስሜን አልጠሩም።

«ሦስተኛ፣ የበኃይሉ መሸኛ ጨዋታ መጋቢት 14 ይሁን።»

«የምን መሸኛ?» አልኩ።

በኃይሉ ጫማውን አየ። «ዝውውሬ ወጣ። ሐዋሳ። ልነግርህ ነበር።»

«እንኳን ደስ አለህ።»

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመለስ፦ ነጭ ኳስ ለሁሉም ተከልክሎ ለአንድ ሰው መፈቀዱ የሕግ የበላይነትን የሚንድ ነው። በጽሑፍ ልቃወም አስቤያለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 16

አጠናሁ። በስልኬ ያላነበብኩት የኳስ ሻጭ የለም፤ ዓይኔ ቀልቷል።

ሻጮቹ እንደሚሉት ኳስ ሁለት ዓይነት ነው፦ የሚችል ሰው ኳስና የማይችል ሰው ኳስ። «የማይችል» አይሉም፤ አስተዳደግ አላቸው። «ከፍተኛ ሃንዲካፕ ያለው» ይላሉ። ሃንዲካፕ አንድ ሰው ከደህና ተጫዋች ስንት ምት አስበልጦ እንደሚመታ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ባነሰ መጠን ያስከብራል። የእኔ ሠላሳ ስድስት ነው። ኩልሚዬ «ከዚያ በላይ ስለማልጽፍ ነው» ይላል።

አሁን ተናዳጁን ነገር ልጻፍ። ባለ ሦስት ንብርብሩ፣ ልባሱ ለስላሳው ኳስ ብዙ ይሽከረከራል። የሚችል ሰው ሽክርክሪቱን ያዘዋል። የማይችለውን ሽክርክሪቱ ያዘዋል፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ሊያዘነብል ያሰበ ኳስ ድንበሩ ላይ ቶጎ ውጫሌ ይገባል። ለማይችል ሰው የሚሆነው ባለ ሁለት ንብርብር ነው፦ ብዙ የማይሽከረከር፣ ልባሱ ድንጋይ ቢነካው የማይላጥ፣ እጁ ቀርፋፋ ለሆነ ደግሞ ውስጡ ለስለስ ያለ። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

በኃይሉ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሰጠኝ የኖረው ኳስ ባለ ስንት ንብርብር ነው? ባለ ሦስት!

ለጥሩነሽ ነገርኳት። ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆና ውላ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ሦስት ዓመት የተሳሳተ ኳስ ሲሰጠኝ ኖሯል!»

«በነጻ» አለች።

«መርዝም በነጻ ይሰጣል!»

«ሰውየው እኮ ሊሄድ ነው ደሬሳ።»

«ስለ ኳስ ነው የማወራው!»

«አዎ» አለች ሚስቴ። «ስለ ኳስ ነው የምታወራው።» ከዚያ ሽንኩርቱን ገፍታልኝ ወጣች። ያለ ምክንያት ዓይኔን አቃጠለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

ቢጫ ኳስ። ባለ ሁለት ንብርብር። በቶጎ ውጫሌ በኩል ለኩልሚዬ ሱቅ የመጣ። ካርቶኑ ላይ «ከሩቅ የሚታይ» ይላል። ያን የጻፈ ሰው እምቧይ አይቶ አያውቅም።

እኔ አይቻለሁ! በእምቧይ እየተወራወርኩ ነው ያደግሁት! በዚህ ወቅት ሜዳው ላይ ሣሩ ሲደርቅ የሚቀረው ምን እንደሆነ፣ ፍየል እንኳ የማይነካው፣ ክብ፣ ቢጫ፣ ልክ በኳሱ መጠን የሆነው ፍሬ ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? አንድ ወር አጥንቼ፣ ንብርብር ቆጥሬ፣ ሽክርክሪት ለክቼ፣ እምቧይ የሞላበት ሜዳ ላይ እምቧይ ይዤ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቆርቆሮ አካባቢ ኳሴን አገኘሁ። ቆምኩ። ተነፈስኩ። ትከሻዬን አስተካከልኩ። በሙሉ ኃይሌ መታሁ። እምቧይ ነበር። ግማሹ የኩልሚዬ ሱሪ ላይ አረፈ፤ የመስጊድ ሱሪው ነው።

«ወላሂ ደሬሳ፣ ሰው ነህ ወይስ ቅጣት?»

«በኳሱ ላይ ምልክት ቢኖር…»

«እምቧዩ ላይ ምልክት አድርግበት!»

ከዚያ ፍለጋ። ቢጫ ሁሉ ይነሳል፣ ይገላበጣል፣ ይጣላል። ዓይኔ እያየ ወቅቱ ሊያበቃልኝ ሆነ፤ ኳሱ ካልተገኘ የመጋቢቱን ጨዋታ ዳር ቆሜ ነው የማየው። በመጨረሻ በኃይሉ ቀበቶውን አጠበቀና «ሁሉንም እንርገጥ። የማይፈርጠው ኳስ ነው» አለ። መርገጥ ጀመረ። አዲሱን ጫማውን አድርጎ። እየዘለለ። ሀሊሞ ከሩቅ አይታው የሚጨፍር መስሏት አጨበጨበች።

ተገኘ።

አላመሰገንኩትም። እሱም እንዳመሰግነው አልጠበቀም፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ሊሄድ የወሰነ ሰው የሰው ኳስ ፍለጋ ጫማውን የሚያበላሸው ለምንድነው? የሚሄድ ይሂድ!

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

አለቃዬ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። «ሃንዲካፕህ ሠላሳ ስድስት ደረሰ አሉ! ከሁሉም ትበልጣለህ አሉ!» እጄን ጨበጠ። ለሌሎች ሠራተኞች አርአያ ነኝ። አላረምኩትም። በዚህ መሥሪያ ቤት እጄን የጨበጠኝ ሰው ሲኖር የመጀመሪያው ነው።

ዘበኛው ግን ያውቃል። «ጋሼ፣ ፍየሏ ደህና ነች?» ይላል ጠዋት ጠዋት።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

እንቅልፍ የለም። የቀለም ጉዳይ።

አረንጓዴ፦ ዝናብ ሲገባ ሣር። ቀይ፦ አፈሩ። ሰማያዊ፦ ሜዳው ላይ ቁጥቋጦ ሁሉ የለበሰው ፌስታል። ቡናማ የሚሸጥ የለም እንጂ ቢኖርም የግመል ፋንድያ ነው፤ ቅርጹም መጠኑም። ይህ ሜዳ ኳስን ሁሉ አስቀድሞ አስቦበት አስመስሎ የሠራ ነው። ሮዝ ብቻ ቀረ። በዚህ አገር መሬት ላይ ወድቆ የሚገኝ ሮዝ ነገር የለም።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ይዤ ኩልሚዬ ጋ ሄድኩ።

«አንድ ካርቶን አለኝ ወላሎ። ግን…»

«ግን ምን?»

«የሴት ነው።»

ካርቶኑ ላይ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ትስቃለች። አነበብኩት። ባለ ሁለት ንብርብር። ውስጡ ለስላሳ። ብዙ የማይሽከረከር። ቀስ ብሎ ለሚወዛወዝ እጅ። አንድ በአንድ እኔን ነው የሚገልጸው፤ መታወቂያዬ እንኳ እንዲህ አይገልጸኝም።

«ኳስ ጾታ የለውም!» አልኩ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ። ምስማር የምትገዛ ሴት ዞራ አየችኝ።

«ኳሱ የለውም» አለ ኩልሚዬ። «ካርቶኑ አለው። ካርቶኑን እዚህ ትተህ ሂድ፤ እኔ አልናገርም።»

እግሬ ከሱቁ ሳይወጣ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሯል፤ ወደ ቤት ስመለስ የባጃጁ ሹፌር «ሮዙ ተገኘ?» አለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ሮዙ ይሠራል። ልካድ? መካድ እችላለሁ፤ ግን ይሠራል። ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ትንሽ ነው፣ ያረፈበትም ከሦስት መንደር ይታያል።

ሀሊሞ ፍየሎቿን አቁማ ስትስቅ ቆየች። «ዋርያ! የሚስትህን ሊፕስቲክ ነው የምትመታው?»

ሁሉም ሳቁ። በኃይሉም ሳቀ፤ እና ያን ጊዜ ገነፈልኩ። ሦስት ዓመት የተሳሳተ ኳስ እንደሰጠኝ፣ ሽክርክሪቱን፣ ንብርብሩን፣ ሁሉንም አልኩት። ሰው ሁሉ ፊት።

ዱላውን ተደግፎ እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ኳሱ አይደለም ደሬ። ትከሻህን ቀድመህ ትከፍታለህ።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ነግሬሃለሁ።»

«የምትነግረኝ ነገር ሲኖር መንገር አታውቅም አንተ! ሰው ከኩልሚዬ አፍ ነው የሚሰማው!»

ይህን ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ስለ ትከሻ ነበር የምናወራው።

ዱላውን ሰብስቦ ሄደ። እኔም ሄድኩ። መንገዱ አንድ ስለሆነ እስከ አስፋልቱ ድረስ ፊትና ኋላ ሆነን ሄድን፣ እንደማይተዋወቅ ሰው።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ሁዳዴም ረመዳንም በአንድ ቀን ገቡ። ከተማው በሙሉ ተርቦ እርስ በርሱ ይተያያል። መሥሪያ ቤት የሚቆጣ ሰው ብዙ ስለሆነ የእኔ ቁጣ ጎልቶ አይታይም፤ ይህም ያናድዳል።

በኃይሉ አልደወለም። አልደወልኩም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

በኃይሉ ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጫነ። ጥሩነሽ ሽሮ በሳሕን ይዛ ሄደች። «አትመጣም?» አለች በሩ ላይ። «የኳስ ሙከራ ላይ ነኝ» አልኩ። ሮዙን ኳስ ግቢው ግድግዳ ላይ እያነጠርኩ ነበር። ከጎረቤት እሌኒ «ልጄ ተኝቷል!» ብላ ጮኸችብኝ። መልሼ ጮኽኩባት። ልጁ ነቃ።

ጥሩነሽ ስትመለስ «ፍሪጁን ሁለት ሰው መሸከም አቅቷቸው ነበር» አለች። ኳሱን እንደገና አነጠርኩ። «ስምንት ዓመት» አለች። «አንድ አውቶቡስ ነው ያመጣችሁ። እኔን እንኳ ከአንተ ያገናኘኝ እሱ ነው።»

«በዚህም ጉዳይ ቅሬታ አለኝ» አልኳት።

አልሳቀችም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14፣ ማታ

ተጫወትኩ። እስከ መጨረሻው። ይህ በታሪክ ይመዝገብ፤ ሮዝ ኳስ፣ የሴት ካርቶን፣ ባለ ሁለት ንብርብር፣ አንድም ጊዜ ሳይጠፋ እስከ መጨረሻው ቆርቆሮ ደረሰ። ኩልሚዬ አፉ ደርቆ «ማሻአላህ» አለ። በኃይሉ ከሩቅ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። መልስ አልሰጠሁም፤ ኳስ ላይ ነበርኩ።

ከዚያ የእሱ ተራ ሆነ። የመጨረሻው ቆርቆሮ፣ ነጩ ኳስ። ይህን ሰው ሦስት ዓመት አይቼዋለሁ፤ ሲመታ ሰዓት ነው። ዛሬ ትከሻውን ቀድሞ ከፈተ። በግልጽ! ለጀማሪ እንኳ በሚያሳፍር ሁኔታ! ኳሱ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ የእኔ ኳሶች ሁሉ ወደሚሄዱበት ቁጥቋጦ ገብቶ ጠፋ።

«አይ» አለ። ብቻ። አልተናደደም። ሰው እንዴት አይናደድም?

ኩልሚዬ ራሱን ያዘ። «ነጭ! ወላሂ ነጭ ነው! ፍየሎቹም እየመጡ ነው!»

እውነቱን ነው፤ ፍየሎቹ ወደ ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ነበር። ሀሊሞ ከፊታቸው ሮጣ መጥታ በትሯን አግድም ያዘች። «አንዷ ብትነካው! አንድ ጥርስ ብቻ! አዴር ሚሬ ጋ ነው የምሄደው፣ ሜዳው አለቀ!» ፍየሎቹን ዳር አቆመች፤ እኛ ፍለጋ ገባን። ሌሎቹ ግራውን ያዙ። እኔና በኃይሉ ቀኙን፤ ቦታውን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ጎንበስ ብለን ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሄድን።

«ሐዋሳ ጎልፍ የለም አሉ» አለ።

«ኳስህን ፈልግ።»

«ሐይቅ ግን አለ።»

«እሱንም ታጠፋዋለህ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጎንበስ ብዬ ስለነበር ያስነጠሰኝ መሰለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩ፣ ቁጥቋጦውን እየገለጥኩ።

«ብነግርህ ምን ትል ነበር?»

«እንኳን ደስ አለህ እል ነበር!»

«እሱን ላለመስማት ነው።»

አንድ ዙር ሄድን። ተመለስን። የታየውን እንደገና አየን። የመጀመሪያ ቀናችንን አነሳ፤ አውቶቡሱ ካራማራ ላይ ተበላሽቶ ሻንጣ ላይ ተቀምጠን እንዳደርን። እኔን እንቅልፍ ይዞኝ ትከሻው ላይ ምራቄን እንዳፈሰስኩ ተናገረ። ውሸት ነው። ሁለት ጊዜ ነው ያነሳው።

«ትከሻህን አየሁት» አልኩት በመጨረሻ። «ቀድመህ ከፈትክ።»

«ኳሱ ነው» አለ።

ፀሐይ ወርዳለች። ኩልሚዬ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል፣ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ። ሀሊሞ ጾመኛ ሆና፣ ቆማ፣ ፍየሎቹን በስድብ ብቻ ይዛለች። በኃይሉ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ኩልሚዬን አየ። ከዚያ የሱሪዬን ኪስ አየ።

«ደሬ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰዎቹ ጾመኞች ናቸው።»

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ኳሱን ከአንድ እምቧይ ሥር አገኘሁት። እጄን ሰቅዬ አሳየሁ። ሀሊሞ በትሯን ዝቅ አደረገች፤ ፍየሎቹ ሜዳውን ሞልተው አለፉ። ሜዳው ቀረልን። አዛን ሲሰማ ኩልሚዬ ከኪሱ ተምር አውጥቶ መጀመሪያ ለሀሊሞ፣ ከዚያ ለሁላችንም አደለ።

በኃይሉ ነጩን ኳስ ተቀብሎኝ ገለበጠው። ሞቅ ያለ ነበር። የራሱ ኪስ ከተተው።

ነገ ንጋት ላይ ነው የሚሄደው። ንጋት ላይ የሚነሳ አውቶቡስ ያመጣ ሰው የእጁን ያግኝ። ሰው ተኝቶ ሳለ ሹልክ ብሎ መሄድ ምን ዓይነት ሥርዓት ነው?

እርማት

ከላይ በዛሬው ዕለት ማስታወሻ «ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ኳሱን ከአንድ እምቧይ ሥር አገኘሁት» ተብሎ የሰፈረው በስሕተት ነው። ኳሱ የተገኘው ፍለጋው እንደተጀመረ፣ በጸሐፊው ግራ ጫማ ሥር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የቆየው በጸሐፊው ኪስ ውስጥ ነው። ለአቶ ኩልሚዬና ለወይዘሮ ሀሊሞ ጥም እንዲሁም ፍየሎቹ ለደረሰባቸው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። አቶ በኃይሉ ነገሩን ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ አልተረጋገጠም። ይህንኑ በአካል ለማጣራት ጸሐፊው ነገ ንጋት ላይ መነኻሪያ የሚገኝ ይሆናል።